እንጦጦ ግርጌ ይሻለናል ወይስ የካ ሜዳ?

ባለፈው ወር ስብሰባችን ቡናው ቶና ላይ ሲደርስ የተነሳው ጉዳይ በረካው ተጠጥቶም አላለቀም። ጉዳዩ አንድ ነበር። ማኅበራችን ከቆጠበውና አጋሮቻችን ከሚጨምሩልን ገንዘብ ሁለተኛ የመሥሪያ ቦታ እንከራይ ብለን ተስማምተናል፤ የት ይሁን የሚለው ግን ለሁለት ከፈለን። ከሽሮ ሜዳ፣ ከቁስቋምና ከፈረንሳይ የምንመጣው «እንጦጦ ግርጌ ይሁን፤ ሙያው ያለው እዚያ ነው» አልን። ከመገናኛ፣ ከኮተቤና ከሲኤምሲ የምንመጣው ደግሞ «የካ ይሁን፤ ገበያው ወደዚያ ከሄደ ቆይቷል» አልን። ክርክሩ ሲጋጋል ከመሥራች እናቶቻችን አንዷ «ሁላችሁም የምትናገሩት ለየቤታችሁ ስለሚቀርበው ነው። ቦታዎቹ ምን አልፎባቸው እዚህ እንደደረሱ ሳናውቅ ነው እንዴ ገንዘባችንን የምናፈሰው?» አሉ። ያን ጊዜ ሁላችንም ዝም አልን።

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ከሁለቱም ወገን የተመረጥን አባላት ነን። የታሪክ ምሁራን አይደለንም። ከመጻሕፍት ያነበብነውን፣ ከእናቶቻችን የሰማነውንና በራሳችን ያየነውን አንድ ላይ አድርገን ለጠቅላላ ጉባኤው ለማቅረብ ሞክረናል። አጋሮቻችንም ገንዘባቸው ምን ዓይነት ቦታ ላይ እንደሚያርፍ ቢያውቁ መልካም ነው ብለን እናምናለን።

መጀመሪያ ሰፈሮቹን እንለይ። «እንጦጦ ግርጌ» ስንል ከሽሮ ሜዳና ከቁስቋም ጀምሮ በኪዳነ ምሕረት መንገድ ወደ ላይ፣ ወደ ምሥራቅ ደግሞ እስከ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ያለውን ዳገት ማለታችን ነው። በአስተዳደር ሽሮ ሜዳ በጉለሌ፣ ፈረንሳይ በየካ ክፍለ ከተማ ነው፤ ኑሮው ግን የአንድ ተራራ ኑሮ ነው። «የካ ሜዳ» ያልነው ደግሞ ከመገናኛ ተነስቶ በኮተቤና በጉርድ ሾላ በኩል ወደ ሲኤምሲና ወደ አያት የሚዘረጋውን ነው። በ2013 ዓ.ም. ከየካና ከቦሌ ተቆርሶ ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ሲመሠረት የዚህ ሜዳ አንዳንዱ ክፍል ወደዚያ ሄዷል። የመታወቂያችን አድራሻ ቢለወጥም የምንሳፈርበት ታክሲና የምንገበያይበት ገበያ ግን ያው ነው።

ተራራው

ጉለሌም የካም ከከተማው በፊት የነበሩ ስሞች ናቸው። በዚህ ምድር ይኖሩ ከነበሩት የቱለማ ኦሮሞ ጎሳዎች የመጡ ናቸው። ከተማ ከመቆርቆሩ በፊት እዚህ ይታረስ ነበር፤ ከብት ይሰማራ ነበር። ከዚህ የምንጀምረው ከእኛ መካከል ባዶ መሬት ላይ የሰፈረ ማንም እንደሌለ ለማስታወስ ነው።

ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ፣ በ1870ዎቹ፣ ከአንኮበር ተነስተው እንጦጦ ላይ ከተሙ። ተራራው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ ዙሪያውን አሻግሮ ለማየትና ጠላትን ለመከላከል ይመቻል። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑትም በእንጦጦ ማርያም ነው። ለጦር የሚመች ቦታ ለኑሮ ግን አልተመቸም። ብርዱና ነፋሱ ከባድ ነበር፤ ውኃውና ማገዶውም ዳገት መውጣት ነበረበት። እቴጌ ጣይቱ ወደ ፍል ውኃ ወርደው ቤት አሠሩ፤ በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችውን ከተማም አዲስ አበባ ብለው የሰየሙ እሳቸው ናቸው። ከሥልጣን ከተገለሉ በኋላ ተመልሰው ወደ ተራራው ወጡ፤ የመጨረሻ ጊዜያቸውን በእንጦጦ ማርያም አጠገብ አሳልፈው በ1910 ዓ.ም. ዐረፉ።

ይህን ሁላችንም በትምህርት ቤት ተምረነዋል። ያልተማርነው እንጨቱን ማን እንደተሸከመው ነው። ከተማዋ ገና ሃያ ዓመት ሳይሞላት ዙሪያዋ ያለው ዛፍ ተቆርጦ አልቆ ነበር። ለቤት መሥሪያ፣ ለእንጀራ መጋገሪያ፣ ለግብር አዳራሹ ምድጃ የሚሆነው እንጨት ከሩቅ ይመጣ ጀመር። ችግሩ እየጠና ሲሄድ በ1893 ዓ.ም. አካባቢ ምኒልክ ዋና ከተማቸውን ወደ ምዕራብ፣ ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው እዚያ ሥራ አስጀምረው ነበር።

አዲስ አበባን በቦታዋ ካቆዩዋት ነገሮች አንዱ ባሕር ዛፍ ነው። በ1880ዎቹ መጨረሻ ከውጭ የመጣው ይህ ዛፍ ፈጥኖ ያድጋል፤ ሲቆረጥ ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል፤ ከብት አይበላውም። በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንጦጦ በባሕር ዛፍ ተሸፈነ። ግንዱ ለምሰሶና ለማገር ዋለ፤ ቅርንጫፉ ማገዶ ሆነ፤ የደረቀው ቅጠል ደግሞ ለምጣድ የሚመች ነበልባል ይሰጣል። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የተራራው ግርጌ ኑሮ ከላይ በሚወርደው ላይ የቆመ ሆነ። ከላይ ወደ ታች የሚያወርደው ደግሞ የሴት ጀርባ ነበር።

ሜዳው

የካም የራሱ የቆየ ታሪክ አለው። ከመገናኛ በላይ ባለው የየካ ኮረብታ ላይ ከአለት ተፈልፍሎ የተሠራው ዋሻ ሚካኤል ከከተማዋ በፊት እዚህ ሰው ሲጸልይ እንደኖረ ይመሰክራል። የአዲሱ ዘመን የካ ግን የተጀመረው ከአድዋ ድል በኋላ ነው። ከ1888 ዓ.ም. ወዲህ የውጭ መንግሥታት መልእክተኞች ሲመጡ ምኒልክ ለእንግሊዝ፣ ለፈረንሳይ፣ ለሩሲያና ለጣሊያን ከከተማው በስተምሥራቅ ሰፋፊ ቦታ ሰጡ። ለጋሲዮን ማለት በዚያን ጊዜ ከኤምባሲ ዝቅ ያለ የመንግሥት መልእክተኛ መቀመጫ ነበር። ለጋሲዮኑ ኤምባሲ ከሆነ ብዙ ዘመን ቢያልፍም ታክሲ ረዳቱ ዛሬም «ፈረንሳይ ለጋሲዮን» እያለ ይጣራል።

እነዚያ ሰፊ ግቢዎች ዘበኛ፣ አትክልተኛ፣ ወጥ ቤትና ልብስ አጣቢ ይፈልጉ ነበር። በአጥራቸው ዙሪያ ሠራተኛው ጎጆውን ቀለሰ፤ ሰፈሩም በዚያ መልክ ቆመ። በእንጦጦ ግርጌ ሴት የምትኖረው ተሸክማ አውርዳ በምትሸጠው ሲሆን፣ በየካ በኩል ደግሞ በሰው ግቢ ገብታ ባገኘችው ደመወዝ ነበር ማለት እንችላለን።

ሁለተኛው ትልቅ ለውጥ የደሴ መንገድ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ወደ ሰሜን የሚወስደው የመኪና መንገድ ሲሠራ ከከተማው የሚወጣው በኮተቤ በኩል ሆነ። ከደብረ ብርሃንና ከዚያ ወዲያ የሚመጣው እህል፣ በግና ቅቤ የሚገባበት በር ይህ ነበር። ኮተቤ የመምህራን ማሠልጠኛ አገኘ፤ ያ ተቋም ዛሬ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። የእጅ መሣሪያ የሚሠራ የብረታ ብረት ፋብሪካም ተተከለ። ሲኤምሲ የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው እዚያ ከሠራ የጣሊያን የግንባታ ድርጅት ነው። ያም ሆኖ የኮተቤ እናቶቻችን እንደሚያስታውሱት እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ ከመንገዱ ትንሽ ገባ ሲባል ጤፍና ስንዴ የሚዘራበት ማሳ ነበር። ኩበትና ወተት ከገበሬ እጅ ይገዙ ነበር። ያን ማሳ ያርሱ የነበሩ ቤተሰቦች ልጆች ዛሬ ከእኛ ጋር በአንድ እቁብ አሉ፤ ከተማው ወደ እነሱ የመጣው እነሱ ሳይጠሩት ነው።

የ1967 አዋጆች

በሁለቱ ሰፈሮች መካከል ዛሬ የምናየው የቤት ልዩነት መነሻው ብዙዎቻችን ከምናስበው በላይ የ1967 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት የካቲት ወር የገጠር መሬት፣ በሐምሌ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ፤ የብዙዎቹም ኪራይ ተቀነሰ።

እንጦጦ ግርጌ ቀድሞ የተሠራ ሰፈር ስለነበረ ብዙ የቀበሌ ቤት ወረሰ። ቤቶቹ ጠባብ የጭቃ ቤቶች ናቸው፤ ብዙዎቹ ሽንት ቤታቸው የጋራ ነው። ኪራያቸው ግን ደሃ የሚችለው ነበር። ባሏ የሞተባት ወይም ከገጠር ብቻዋን የመጣች ሴት በዚያ ዳገት ላይ ልጆቿን ማሳደግ የቻለችው ስለዚህ ነው። የካ ሜዳ በዚያን ጊዜ ገና አብዛኛው እርሻ ነበር። ኋላ የተሠራው በቤት ሥራ ማኅበራት፣ ከ1986 ዓ.ም. ወዲህ በሊዝ፣ ከዚያም በኮንዶሚኒየም ነው። ስለዚህ ሜዳው ላይ ቤት ያለው ሰው የተሻለ ወረቀት አለው፤ ቤት የሌለው ደግሞ ከግለሰብ ይከራያል፤ ኪራዩም ገበያው ባለው ልክ ነው።

ደኑም የመንግሥት ሆነ። በግል ይዞታ የነበረው ባሕር ዛፍ ተወርሶ ጥበቃ ተመደበለት። እናቶቻችን ትናንት የሚለቅሙት ጭራሮ ዛሬ በጠባቂ የሚያስይዝ ሆነ። ሥራው ግን አልቆመም፤ ሌላ ሥራ አልነበረምና።

ሸክሙ

ከአባሎቻችን መካከል በወጣትነታቸው እንጨት የተሸከሙ አሉ። ጎህ ሳይቀድ ይነሳሉ። ዳገቱን ባዶ እጃቸውን ይወጣሉ፤ ቅጠሉንና ጭራሮውን ሰብስበው በገመድ ያስራሉ፤ ከወገባቸው ጎንበስ ብለው ቁልቁል ይወርዳሉ። ሸክሙ ከ30 ኪሎ በላይ ነው፤ የራሷን ክብደት ያህል የምትሸከምም ነበረች። በመንገድ ጠባቂ ካገኛቸው እንጨቱንም ገመዱንም ይቀማቸዋል። ከዚህ የባሰ ነገር የደረሰባቸውም አሉ፤ እሱን ራሳቸው ሲፈልጉ ይናገሩታል እንጂ እኛ አንጽፈውም። ከታች ሲደርሱ ነጋዴው የሚሰጣቸው ገንዘብ ለዕለት ዱቄት የሚበቃ ነበር።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ በዓለም ሥራ ድርጅት ድጋፍ የእነዚህ ሴቶች ኑሮ ተጠንቶ ለአደባባይ በቃ። ከዚያም ቀድሞ እንጨት ይሸከሙ የነበሩ ሴቶች ማኅበር አቋቁመው፣ በእንጦጦ መንገድ ላይ መሥሪያ ቤት ይዘው፣ ሽመና ተማሩ። ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። በሽሮ ሜዳ የሽመና ሥራ ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜና ከአካባቢው በመጡ ሸማኔዎች እጅ ነው፤ በልማዱ ሴት ባዘቶውን ትፈትላለች፣ ልቃቂቱን ታዘጋጃለች፣ መወርወሪያውን የሚይዘው ግን ወንድ ነው። ያ ማኅበር ሴትን ከእንዝርቱ ወደ ሸማው ዕቃ አሻገራት። የእኛም ማኅበር መሥራቾች ሲጀምሩ እሱን አይተው ነው የጀመሩት።

የእንጦጦ ግርጌ ሌላው ታሪክ የኪዳነ ምሕረት ፀበል ነው። በኤች አይ ቪ የተያዙ ብዙ ሰዎች ከየክፍለ ሀገሩ መጥተው በፀበሉ ዙሪያ ቤት ተከራይተው ተቀመጡ። በ1997 ዓ.ም. መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት ሲጀመር መድኃኒቱን ትተው በፀበል ብቻ የቆዩ ነበሩ። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ፀበሉና መድኃኒቱ እንደማይጋጩ፣ ሁለቱንም አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ማስተማራቸው ብዙ ሕይወት አትርፏል ብለን እናምናለን። ከዚያ የተረፉት ሴቶች ወደ መጡበት አልተመለሱም። ዶቃ መሰካት፣ መፍተል፣ ጥልፍ ተምረው እዚያው ኖሩ። ከእነሱ ጋር አንድ ማዕድ መቁረስን የለመደ ሰፈር ነው፤ ይህን ዓይነት ጉርብትና በሊዝ አይገዙትም።

ኮንዶሚኒየሙ፣ ባቡሩና ፓርኩ

ባለፉት ሃያ ዓመታት የሁለቱም ሰፈር መልክ ተለውጧል። በሜዳው በኩል የኮንዶሚኒየም ግንባታ ማሳውን ሸፈነው። በዕጣው 30 በመቶው ለሴቶች ተለይቶ መያዙ ከአባሎቻችን አንዳንዶቹን የቤት ባለቤት አድርጓል። በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ በስማቸው የተጻፈ ካርታ የያዙ አሉ። አንዳንዶቹ ወርሃዊ ክፍያውን ስላልቻሉ ቤቱን አከራይተው እነሱ በኪራይ ዳገቱ ላይ ቀሩ። ስለዚህ «የእንጦጦ ሴት» እና «የየካ ሴት» ስንል አንዳንዴ የምንናገረው ስለ አንዲት ሴት ነው። ቤቷ ሜዳው ላይ፣ ኑሮዋ ግርጌው ላይ ነው።

በ2008 ዓ.ም. ከአያት በሲኤምሲ፣ በጉርድ ሾላና በመገናኛ አድርጎ እስከ ጦር ኃይሎች የሚሄደው የከተማ ባቡር ሥራ ጀመረ። መገናኛም ስሙን የመሰለ ቦታ ሆነ፤ ከየአቅጣጫው የሚመጣው ሰው የሚተላለፍበት። ሕንፃ ሲበዛ የቀን ሠራተኛው በዛ፤ የቀን ሠራተኛው ሲበዛ ምግብ የሚሸጥ ተፈለገ። የመንግሥትና የግል ሠራተኛ ቤተሰቦች ሲገቡ ደግሞ እንጀራ፣ በርበሬ፣ ሽሮና ምጥን ተዘጋጅቶ የሚገዛ ገበያ ተፈጠረ። ሾላ ገበያ ቅቤውንና ቅመሙን፣ እህሉንም በቅርብ ያቀርባል።

በዳገቱ በኩል የእንጨቱ ገበያ በራሱ ጊዜ እየሳሳ መጥቷል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደየቤቱ ሲገባ ቅጠል የሚገዛ ቀነሰ። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ እንጦጦ ፓርክ ተመረቀ። ተራራው ላይ ጥሩ መንገድ፣ መዝናኛና መመገቢያ መጥቷል፤ ከከተማው ሰው ይወጣል፤ ለአንዳንድ ልጆቻችንም ሥራ ሆኗል። እንጨት ለቅሞ ለሚያድር ሰው ግን ተራራው ከእንግዲህ የሥራ ቦታ አይደለም። ሽሮ ሜዳም ቢሆን ፈተና አለበት። ከውጭ የሚገባው በማተሚያ የተሠራ ጥለት የእጅ ጥለት መስሎ በርካሽ ይሸጣል፤ አላዋቂ ገዢ አይለየውም።

በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት ደግሞ ከአራት ኪሎ በእንግሊዝ ኤምባሲ በኩል እስከ መገናኛ ያለውን መንገድ አስፍቶታል። እግረኛው በሰፊ መንገድ መሄድ ጀምሯል፤ መብራቱም ለሴት ልጅ ማታ መሄጃ ሆኗል። በዚያ መስመር ዳር ጉልት ዘርግተው ይውሉ የነበሩ እህቶቻችን ግን ሌላ ቦታ መፈለግ ነበረባቸው።

እንግዲህ እናወዳድር

ሥራን በተመለከተ፣ እንጦጦ ግርጌ ሙያ አለው። ድሩን፣ ማጉን፣ ጥለቱን የሚያውቅ ሰው በየበሩ ነው፤ ዕቃ ቢሰበር የሚጠግን፣ ክር ቢያልቅ የሚያበድር አይጠፋም። ገበያው ግን የበዓል ገበያ ነው። ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል፣ ለገናና ለጥምቀት፣ ለፋሲካና ከእሱ በኋላ ለሚመጣው ሠርግ ይሞቃል፤ ክረምት ሲገባ ይቀዘቅዛል። የቀዘቀዘውን ወራት ማኅበራችን እንዴት እንደሚያልፈው ሒሳብ ሹማችን ጠንቅቀው ያውቁታል። የካ ሜዳ ደግሞ የዕለት ገበያ አለው። እንጀራ በየቀኑ ይበላል፤ በርበሬ በየቤቱ ያልቃል። ትርፉ ከአንድ የሐበሻ ቀሚስ ትርፍ ያነሰ ነው፤ ነገር ግን አይቋረጥም።

ኑሮን በተመለከተ፣ ግርጌው ብርድና ዳገት አለው፤ ጉልበታቸው ለደከመ እናቶቻችን ዳገቱ ራሱ ሸክም ነው። ቤቱ ጠባብ ቢሆንም ኪራዩ ለቀበሌ ቤት ነዋሪ ቀላል ነው። እድሩ የቆየ ነው፤ ሐዘን ሲደርስ ድንኳኑ ሳይጠራ ይመጣል። ሜዳው ላይ ትራንስፖርቱ፣ ትምህርት ቤቱና ክሊኒኩ ይቀርባል። ከግለሰብ የሚከራይ ሰው ግን ደመወዙን ወይም የጉልቱን ገቢ ይዞ ከኪራይ ጋር ሩጫ ነው። በኮንዶሚኒየም ውስጥ እድር እየተመሠረተ ነው፤ ሆኖም ተከራዩ ቶሎ ቶሎ ስለሚቀያየር ለመተዋወቅ ጊዜ ይፈልጋል።

እስከዚህ ድረስ ሚዛኑ እኩል ይመስላል። ታሪኩን ስንጽፍ ያስተዋልነው ግን ሌላ ነገር ነው። በሁለቱም ቦታ ሴቶች ሥራቸውን ያጡት ስንፍና ይዟቸው ወይም ቦታው ከፍቶ አልነበረም። እንጨት ተሸካሚዋ ደኑ የእሷ ስላልነበረ ተቀማች። የኮተቤ ገበሬ ሚስት ማሳው ሲወሰድ ወተቷንና ኩበቷን አብራ አጣች። የጉልቷ እህታችን መንገዱ ዳር በይሁንታ ተቀመጠች እንጂ በወረቀት አልተቀመጠችም። በአንጻሩ ምንም ጠባብ ቢሆን የቀበሌ ደብተር የነበራት ልጆቿን አሳድጋለች፤ በዕጣ ካርታ የወጣላት ዛሬ አከራይ ናት። ተራራም ይሁን ሜዳ፣ ልዩነቱን ያመጣው የተጻፈ መብት መኖርና አለመኖር ነው።

ይህን ከራሳችንም እናውቀዋለን። የመጀመሪያውን መሥሪያ ቦታችንን የተከራየነው በቃል ነበር። አከራያችን ጥሩ ሰው ነበሩ፤ ውል እንጻፍ ማለት እሳቸውን መጠራጠር መሰለንና አፈርን። በሦስተኛው ዓመት ቤቱን እንደሚፈልጉት ነግረውን በአሥራ አምስት ቀን እንድንለቅ ሆነ። ወሩ የፋሲካ ዋዜማ ነበር። ሸማው ዕቃ ላይ የተጀመረ ድር ነበረን፤ ፈትተን ስናነሳው የተበላሸውን ሁላችንም አንረሳውም። ያዘዙ ደንበኞች ገንዘባቸውን መልሱልን አሉ፤ መለስን። የዚያ ዓመት የትርፍ ክፍፍል ያልነበረው በዚህ ምክንያት ነው። ይህን የምንጽፈው አከራዩን ለመውቀስ አይደለም፤ ቤቱ የራሳቸው ነው። ጥፋቱ የእኛ ነው።

አጋሮቻችን አንድ ነገር እንዲያውቁልን እንፈልጋለን። በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1320 የመኖሪያ ቤት ተከራይን ይጠብቃል፤ ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ያዛል። በግለሰብ ቤት የምትኖሩ አባሎቻችን ሁሉ ውላችሁ መመዝገቡን አረጋግጡ። ይህ አዋጅ ግን የመኖሪያ ቤትን እንጂ የመሥሪያ ቦታን አይመለከትም። ለመሥሪያ ቦታ የሚጠብቀን እኛው ራሳችን ተደራድረን የምንጽፈው ውል ብቻ ነው። ስለዚህ ድጋፍ ስታደርጉልን ከመሣሪያው በፊት የዓመታት ኪራይና የውል ጉዳይ ቢታሰብልን መሣሪያው ራሱ የሚያርፍበት ያገኛል።

የእኛ ሐሳብ

ለጠቅላላ ጉባኤው የምናቀርበው ሦስት ነገር ነው።

አንደኛ፣ ሽመናው ከእንጦጦ ግርጌ አይነሳ። ሙያው ከሰው ጋር ነው፤ ሰዉ ደግሞ እዚያ ነው። ሸማ ዕቃውን ኮተቤ ብንወስደው ፈታዮቻችን በየቀኑ ሁለት ታክሲ ይዘው ሊመጡ ነው፤ የታክሲው ዋጋ ከፈትሉ ዋጋ ያልፋል።

ሁለተኛ፣ አዲሱ ቦታ በየካ ሜዳ ይሁን፤ ሥራው ግን ባልትናና እንጀራ፣ ከፊት ለፊቱም የሽመና ውጤታችን መሸጫ ይሁን። በክረምት ሽመናው ሲቀዘቅዝ የዕለት ገበያው ማኅበሩን ይይዘዋል፤ በበዓል ሰሞን ደግሞ የሲኤምሲና የኮተቤ ገዢ እስከ ሽሮ ሜዳ ሳይደክም ከእጃችን ይገዛል፤ የእጅ ጥለትን ከታተመው ለይቶ የሚያሳየውም ሰው እዚያው ያገኛል። ዳገቱ የከበዳቸው እናቶቻችን ሜዳው ላይ ቁጭ ብለው የሚሠሩት ቅመም ማዘጋጀትና መልቀም አይጠፋም።

ሦስተኛ፣ ከአምስት ዓመት ያላነሰ የጽሑፍ ውል የማይሰጥ አከራይ ቤቱ የቱንም ያህል ቢያምር አንከራይ። በዚህ በኩል ያየናቸው ሁለት ቤቶች አሉ። አንደኛው ለመገናኛ ይቀርባል፤ ባለቤቱ ግን ከዓመት በላይ አልጽፍም ብለዋል። ሁለተኛው ወደ ኮተቤ ገባ ያለ ነው፤ ለመንገድ አይታይም፤ ባለቤቷ ግን በውልና ማስረጃ ፊት ለአምስት ዓመት ለመፈረም ፈቃደኛ ናቸው። እኛ ሁለተኛውን እንመርጣለን። ደንበኛ በጊዜ ይለምደናል።

ከእኛም መካከል በዚህ ያልተስማማች አለች። «መንገድ ላይ የማይታይ ሱቅ ማን ይገባበታል?» ትላለች፤ ጥያቄዋም ተገቢ ነው። መልሱን በስብሰባው ላይ እንነጋገርበት። የሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ በተለመደው ቦታችን፣ በወሩ የመጨረሻ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው። የሁለቱም ቤቶች የውል ረቂቅ ተባዝቶ ይታደላል፤ ማንበብ ለማይችሉ እናቶቻችን ልጆቻችን ጮክ ብለው ያነቡላቸዋል። ቡናው ከሽሮ ሜዳ ወገን፣ ዳቦው ከኮተቤ ወገን ነው።